የደጋው ወይን በይርጋነሽ መዳፍ

ይርጋነሽ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠጅ ጥላለች። በዚህ ሁሉ ዘመን የጣፈጠውን አልጣፈጠም፣ ያልጣፈጠውንም ጣፈጠ ብላ አታውቅም። ቢቸና ላይ ማር ገዝቶ የተጠራጠረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ጣቷን ነከር ታደርግና ትልሳለች፤ ዐይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ "ይኼ የዐባይ በረሃ ማር ነው፣ ደህና ነው" ወይም "ይኼን ያመጣልህ ሰው ስኳር ቀላቅሎበታል፣ መልስለት" ትላለች። ያኔ ክርክር የለም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሟን ማር በሰው ፊት "ውሃ ገብቶበታል" ብላው ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። የታረቁትም ወንድምየው ራሱ ካመነ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቢቸና መናኸሪያ በጠዋቱ መኪና ተሳፍራ ወደ ሞጣ የሄደችው። የምትሄደው ልትፈርድ ነው። ፍርዱም በገዛ ልጆቿ መካከል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሮብ ገበያ ወረድ ብሎ ከአባቷ የወረሰችው አንድ ተዳፋት መሬት አላት። ድንጋይ የበዛበት ነው። ገብስ ቢዘሩበት ከጉልበት አያልፍም፤ ድንች ቢተክሉበት የርግብ እንቁላል ያክላል። ብርዱማ አይጣል ነው። የበኩር ልጇ አምባቸው ሞጣ ላይ መምህር ነው፤ "ባሕር ዛፍ እንትከልበትና እንገላገል" ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ችግኙን አፍልቷል፤ ዝናቡ ሲጥል የሚተክልለትም ሰው ተነጋግሯል።

ይኼን ጊዜ ታናሺቱ ጸደንያ መጣች። ጸደንያ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ አራት ዓመት የወይን ጠጅ አሠራር ተምራለች። የቆየችውም ኤልጊን በሚባል፣ አፕል በሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። መጣችና ገና አረፍ ሳትል "እማዬ፣ ያን መሬት ለእኔ ስጪኝ" አለች። ሻርዶኔ የሚባል ነጭ የወይን ዘር አለ፤ ሞቃት አገር ላይ ቢተከልም ይበቅላል፣ ጠባዩ የሚያምረው ግን ብርድ ሲያሳድገው ነው አለች። መሬቱ ከተገኘ አገሯ ትቀራለች። ካልተገኘ እዚያው የሚጠብቃት ሥራ አለ፤ በግንቦት ትመለሳለች።

ይርጋነሽ ልጇ አገሯ እንድትቀር ስንት ጊዜ ደጅ እንደ ጠናች እሷና ማርያም ያውቃሉ። ግን የአምባቸውም ልፋት ልፋት ነው። ቢቸግራት አንድ ቀን ሁለቱንም አስቀምጣ እንዲህ አለች፦

"ጸደንያ፣ ያመጣሻቸውን ሦስት የወይን ጠርሙሶች እቀምሳለሁ። ለእንግዳ የሚቀርብ መጠጥ ከሆነ መሬቱ ያንቺ ነው። ካልሆነ ያምባቸው ነው። ላንቃዬ ይፍረድ፤ ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ የለም።"

ሁለቱም እሺ አሉ፤ ቅምሻውም ማቀዝቀዣ ባለበት በአምባቸው ቤት እንዲሆን ተስማሙ። ላንቃዋን ያውቁታላ።

መኪናው ደብረ ወርቅን ሲያልፍ ይርጋነሽ ከመቀመጫዋ ሆና በመስኮት ተሳለመች። "እመቤቴ፣ ጥሩ ይሁንላት" አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ "ጥሩ ካልሆነ ግን አፌን አታስዋሺኝ።"

ጠጅ ይዛ አልሄደችም። ለወትሮው ሞጣ ስትሄድ ጀሪካኗ አይለያትም፤ ዛሬ ግን ፍርዱ እንዳያዳላ ብላ ትታው ነው።

አምባቸው ቤት ስትደርስ ዘይዳ ቀድማ ተቀምጣለች። ዘይዳ ከአጥር ወዲያ ያለች ጎረቤት ናት፤ ሞጣ ገበያ ላይ ቅመም ትነግዳለች። እሷና ይርጋነሽ በአምባቸው ሰበብ ተዋውቀው እህትማማች ከሆኑ ቆይተዋል።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" አለቻት ይርጋነሽ ጉንጯን እየሳመች። "የሚቀመሰው መጠጥ ነው እኮ!"

"እኔ መጠጡን መች እቀምሳለሁ አልሁ? እኔ የምቀምሰው ፊትሽን ነው" አለች ዘይዳ።

ጸደንያ ጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ አልብሳዋለች። ከባሕር ማዶ በልብስ ጠቅልላ ያመጣቻቸውን ስስ ብርጭቆዎች ደርድራለች። እንግዲህ ጠርሙሶቹ ይምጡ ሲባል፣ የአምባቸው ሚስት ሰገነት ሦስቱንም ከማቀዝቀዣው አውጥታ አመጣች። ጸደንያ አንዱን ጨበጥ ስታደርገው ደነገጠች። ጠርሙሱ በረዶ ለብሷል።

"ማነው ፍሪዘር ውስጥ የከተተው?"

"እኔ ነኝ" አለ አምባቸው ደረቱን ነፍቶ። "ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነሥቼ ከታች ወደ ላይ አዛወርሁልሽ። ቢራ እንዲህ ሲሆን አይደል የሚጥመው? ኋላ በተንኮል አሸነፈኝ እንዳትዪ ብዬ ነው።"

"አምባቸው! ይኼ እኮ ቢራ አይደለም! እማዬ፣ እባክሽ ትንሽ እንጠብቀው።"

"መኪናው በስምንት ሰዓት ነው የሚነሣው" አለች ይርጋነሽ። "ያልተጠለለ ጠጅ ትቼ ነው የመጣሁ። በይ ቅጂው።" ይኼን ስትል ሳታስበው በቀኟ ጠርሙሱን አንሥታ የግራ መዳፏን ዘረጋች። የአሳላፊ ወግ ነው፤ ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ በገዛ መዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይቀዳም።

ጸደንያ ግን እጇን ያዘቻት።

"ዛሬስ በመዳፍ አይሁን እማዬ። ዛሬ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ እኔ ነኝ የማሳልፈው። በብርጭቆው ቅመሺ። እጅሽ እንዳያሞቀው ደግሞ እግሩን ነው የሚያዝ።"

"እግር አለው?"

"እግር ካለውማ ሳያመልጥ ጠጪው" አለች ዘይዳ።

ሳቁ። ይርጋነሽ አማተበችና የመጀመሪያውን ፉት አለች። ጥርሷን ጠዘጠዛት። ሁለተኛውን አመጡላት። ያው ነው። ሦስተኛውን አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች፤ ዐይኗን ጨፈነች፤ በምላሷ አገላበጠችው፣ ፈለገችው። ከብርድና ከጉምዛዜ በቀር የሚመጣ ነገር የለም። ዐይኗን ብትገልጥ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ እንደ ፈተና ተማሪ ጣቶቿን አቆላልፋ እያየቻት ነው።

በዚያች ሰዓት "ግሩም ነው" ማለት ምን ያስከፍላት ነበር? ምንም። የሚያውቅባትም የለም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር።

"ጸዱዬ" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ሦስቱም አንድ ሆኑብኝ። ዝም ብለዋል። ጎምዛዛ ውሃ ነው።"

ዘይዳ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ጸደንያ "እሺ እማዬ" ብላ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ለማጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

"እማ፣ ትንሽ አለሳልሰሽ ብትነግሪያት ምን ነበረ?" አለ አምባቸው።

"አንተ አይደለህ ያሸነፍኸው?"

"አሸንፌ ደስ ሳይለኝ ቀረ እኮ!"

ይርጋነሽ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ጠርሙሶች ታያለች። ላብ አልቧቸዋል። አንዱን ዳሰሰችው፤ እጇን እንደ ውርጭ ቆነጠጣት። እሷ ቤት እንዲህ የቀዘቀዘ ነገር ካለ አንድ ጥንስስ ብቻ ነው፤ በክረምት ጥንስስ ሲበርደው አረፋው ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ጋኑን በጋቢ ጠቅልላ ሙቀት ያለበት ታስጠጋዋለች። ልቧ ልጇ ዘንድ ሄዷል፤ እጇ ግን የለመደውን ያደርጋል። ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ሦስቱን ጠርሙሶች እንደ ጨቅላ ጠቀለለቻቸውና በረንዳው ላይ ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ሥር አስቀመጠቻቸው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ዘይዳ።

"በርዷቸዋል።"

"ጠርሙስ ይበርደዋል እንዴ?"

"የበረደው ነገር አይናገርም፣ ዘይዳዬ።"

ዘይዳ ልትስቅ አስባ ፊቷን አየችና ተወችው። ጠርሙሶቹ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጡ።

ጸደንያ ብርጭቆዎቿን አጥባ፣ አድርቃ ስትመለስ ጋቢውን አየች። ቀና ብላ ፀሐዩን አየች። እንደገና ጋቢውን አየች።

"እማዬ! በፀሐይ? በጋቢ? እሱ እኮ ጥንስስ አይደለም! ያለቀለት፣ የተጠለለ፣ ዓመት የከረመ ወይን ነው! ሕፃን ነው እንዴ የምትጠቀልይው!"

ይርጋነሽ ያኔ ነው ያደረገችውን ያወቀችው። ጠጅ ጣይ እንዲህ ያለ ስሕተት! የበሰለን ወጥ እንደገና ምድጃ ላይ እንደ መጣድ ነው። አፍራ "ውይ በሞትሁት" ብላ ልታነሣቸው ስትል ከበር "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

የሰገነት አባት የኔታ ወልደ ሰንበት ናቸው። ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ዕድሜ ያጎበጣቸው ግን ጨዋታ ያልጎደላቸው ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ገቡ።

"ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!" አሉ።

"በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!" ብሎ ቤተ ሰቡ ተነሣ፤ ዘይዳም አብራ ተነሣች።

"ይርጋነሽ ከቢቸና መጥታለች ሲሉኝ ጉሮሮዬ ቀድሞኝ መጣ" አሉ የኔታ ሲቀመጡ። "የታለ ጠጁ?"

ይኼ ደግሞ ሌላ ጭንቅ። ይርጋነሽ ባለችበት ቤት እንግዳ መጥቶ በደረቅ አፉ ሊመለስ ነው! ቤት ውስጥ ያለው መጠጥ ሦስት ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እሱም በጋቢ ተጠቅልሏል። ቢሆንም የኔታን በባዶ እጅ ከመቀበል ይሻላል ብላ ከጠርዝ ያለውን ጠርሙስ መዘዘች። ሦስተኛው ነበር። በረዶው ለቆታል፤ ቀዝቀዝ እንዳለ ግን ነው፣ የምንጭ ውሃ ያህል።

በቀኟ ያዘችው፤ የግራ መዳፏን ዘረጋች። ጸደንያ አየች፤ በዚህ ጊዜ ግን አልከለከለቻትም። ይርጋነሽ ጠብ አደረገችና መዳፏን ወደ አፏ አቀረበች።

አልጠጣችውም። መንገድ ላይ ቆመች።

ከምላሷ በፊት አፍንጫዋ ጋ የደረሰ ነገር አለ። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ። ከሱ ቀጥሎ የበሰለ ኮክ። መዳፏ እየሞቀው ሲሄድ ደግሞ ሌላ መጣ፤ ሩቅ ነው፣ ታውቀዋለች፣ ስሙ ግን እንቢ አላት። ፉት አለች። ስሙ መጣ።

ልጅ ሳለች አባቷ ከዚያው ከሮብ ገበያ መሬት የሚቆርጠው ነጭ ማር ነበር። ጠዋት ጠዋት እንደ ሞራ ረግቶ፣ ሽታ የሚባል የለውም። ትንሽ ቆንጥሮ መዳፏ ላይ ያኖርላትና "ጭብጥ አድርጊው፣ እስኪነግርሽ ጠብቂው" ይላት ነበር። ስትጨብጠው፣ ስታሞቀው፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ አበባ ሽታ በጣቶቿ መሐል ይወጣል። የደጋ ማር በብርድ አይናገርም! ይኼን ስንቱን የቢቸና ሰው አስተምራለች። ዛሬ በረዶ የለበሰ ወይን ቀምሳ ሦስቱንም ዲዳ ናቸው ያለችው ግን ያችው አስተማሪ ናት።

"አገኘችው!" ጮኸች ዘይዳ። "ፊቷን እዩት! ወላሂ አገኘችው!"

"ልጄ፣ ያገኘሽውን አግኝተሽ" አሉ የኔታ ብርጭቆውን እንደ ዘረጉ፣ "እኔም ክንዴ ዛለ።"

ይርጋነሽ ሣቀች። እየሣቀች ዐይኗ እንባ ሞላ። ለየኔታ ቀዳችና ወደ ጸደንያ ዞረች።

"ሁለቱን አምጪልኝ። ቶሎ በይ። እኔ ነኝ ዲዳ፣ እነሱ አይደሉም።"

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ሠርግ ቤት መሰለ። ይርጋነሽ የመጀመሪያውን በመዳፏ ቀመሰችና "ይኼ ጎረምሳ ነው!" አለች። "ሎሚ ነው፣ አረንጓዴ አፕል ነው። ዝናብ ያገኘው ድንጋይ ይሸታል። ደረቅ ነው፣ ሰው አይለማመጥም።"

"በብረት ጋን ነው የተሠራው፤ እንጨት የሚባል አልነካውም" አለች ጸደንያ። እጆቿን አጨብጭባ ያዘቻቸው።

"ሁለተኛው ደግሞ እመቤት ናት። ለጋ ቅቤ አላት፣ የተቆላ ሽምብራ አላት። ግን ጌጥ አበዛች፤ ከጌጧ ብዛት ፊቷን ማየት አቃተኝ። እንጨት ውስጥ ከርማለች?"

"አዎ፣ አዲስ በርሜል ውስጥ።"

"እንጨቱ ከወይኑ በላይ ጮኸ።"

"እማዬ! አስተማሪያችን ይኼንኑ ለማለት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ እኮ!"

"ወረቀት በዝቶበት ነዋ" አለች ይርጋነሽ። "ይኼ ሦስተኛው ግን... ከሁሉ በላይ ካለው፣ ብርዱ ከበረታበት ቦታ ነው የመጣው። አይደለም?"

"ከተራራው ጫፍ ነው። እንዴት አወቅሽ?"

"ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። ሎሚውም አለው፣ ቅቤውም አለው፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይጮኽም። የጨረሰ ሲመስልሽ ደግሞ ይጨምራል። ብርድ ያሳደገው ነገር እንዲህ ነው፤ ማሩም፣ ሰዉም።"

አምባቸው ሦስቱንም ተራ በተራ ቀምሶ "እኔ እመቤቲቱ ትሻለኛለች" አለ። ሰገነት ከወዲያ "ከነጌጧ?" ስትለው ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የኔታ ጎረምሳውን መረጡ፤ "ሽማግሌ የሚደግፈው ጎረምሳ ይፈልጋል" አሉ። ይርጋነሽ ሦስተኛውን አልለቀቀችም። ተከራከሩ። እንደገና ቀመሱ፣ እንደገና ተከራከሩ። ዘይዳ የአንዱንም ጠብታ ሳትነካ፣ በየሰዉ ፊት ብቻ እየፈረደች "ሦስተኛውን ስትቀምሱ የሁላችሁም ቅንድብ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ምን ያከራክራችኋል?" አለቻቸው።

"የቃናው ሠርግ ሊቀ ምርፋቅ፣ የድግሱ አለቃ፣ ያለውን ነው ያላችሁት" አሉ የኔታ ጢማቸውን እየጠረጉ። "መልካሙን ወይን እስከ አሁን አቆያችሁት።"

ይኼኔ ይርጋነሽ ተነሣች። ስትነሣ ጨዋታው ቆመ፤ ለምን እንደ መጣች ሁሉም አስታወሰ።

"አምባቸው ልጄ፣ ስማኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመጠጥ ተሳስቼ አላውቅም እል ነበር። ዛሬ በልጄ ሥራ ላይ ተሳሳትሁ። መኪና ያመልጠኛል ብዬ ችኩል ሆንሁ፤ ችኩል ጅብ ደግሞ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። ይኼ ለእንግዳ የሚቀርብ መጠጥ ነው። እንግዳም ጠጣው። ፍርዴን መልሻለሁ፤ አንተስ ምን ትላለህ? ቃል ቃል ነው፣ ካላመንህበት አይሆንም።"

አምባቸው ብርጭቆውን አየ፣ እህቱን አየ።

"እኔ ምን እላለሁ እማ? ፍሪዘር ውስጥ የከተትሁት እኔ። ያን ባላደርግ ጠዋቱን ተፈርዶላት፣ እስካሁን እየዘፈንን ነበር።" ትንሽ አሰበና፣ "ችግኜን ግን አልጥለውም። ዳር ዳሩን ልትከልላትና ነፋሱን ይከልክልላት።"

"አይሆንም!" አለች ጸደንያ ዘልላ። "የባሕር ዛፍ ሽታ ወይኑ ውስጥ ይገባል!"

"ይኸውላችሁ! ገና አንድ ግንድ ሳትተክል ከርስቴ አባረረችኝ!"

እየሣቀች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ቀጥላ እናቷን ያዘቻት፤ ይርጋነሽ ጀርባዋን ቸብ ቸብ እያደረገች "ቀረሽልኝ አይደል? ቀረሽልኝ?" ትላታለች።

"ቀረሁ። ግን እማዬ፣ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ነው። ብርዱም ሊያሸንፈኝ ይችላል።"

"አንቺን ለማግኘት ስድስት ዓመት ስለት ተስያለሁ፤ ወይን አራት ዓመት ቢያስጠብቀኝ ምኔ ይነካል? ብርዱ ካሸነፈሽ ደግሞ የወንድምሽ ችግኝ አለ።"

"ተመስገን፣ ተስፋዬ አልሞተም" አለ አምባቸው።

ሰገነት ሰዓቷን አየችና "ውይ፣ መኪናው!" አለች። ስምንት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

"የሚጠለለው ጠጅሽስ?" አለች ዘይዳ።

"ነገም ጠጅ ነው" አለች ይርጋነሽ፤ ጋቢዋን ከበረንዳው አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች። ጋቢው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል።

የኔታ ብርጭቆአቸውን አጋድለው ታቹን አዩት። ባዶ ነው። ጸደንያ አየቻቸውና ሦስተኛውን ጠርሙስ አነሣች። ልትቀዳላቸው ጎንበስ ብላ፣ ቆም አለች። ቀና ስትል እናቷ እያየቻት ነው። ጸደንያ የግራ መዳፏን ዘረጋች፤ ጠብ አደረገች፤ እስኪነግራት ትንሽ ጠበቀችውና ቀመሰች።

ከዚያ በኋላ ቀዳችላቸው።